የእንደሻው ልጆች

«ከጠየቁን፣ እኛ ጋ ያደገች ናት እንላለን።»

ልደት ይህን የሰማችው እሁድ ጠዋት የሳሎኑን መስኮት በውጭ በኩል ቆማ ስትወለውል ነው። መስታወቱ ተዘግቶ ቢሆን አትሰማውም ነበር፤ ግን ሰገነት የአዲሱ መጋረጃ ሽታ አፈነኝ ብላ ራሷ ከፍታዋለች። የምታናግረው ትናንት ማታ ከአዲስ አበባ የገባውን ታናሽ ወንድሟን ኒቆዲሞስን ነው። እሱ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ስልኩን ይነካካል፣ እሷ የቡፌውን ብርጭቆዎች እያወጣች ታሰልፋለች። «ሰዎቹ የተማሩ ናቸው» አለች ሰገነት ድምፅዋን ዝቅ ሳታደርግ፣ «የልጁ እናት ሐኪም ናት። ልደትን ስትገባ ስትወጣ ያዩዋታል፣ ማን ናት ማለታቸው አይቀርም። እኛ ጋ ያደገች፣ እንደ ቤተሰብ የምናያት። አለቀ። ከዚያ ያለፈ አንድ ቃል አይጨመርም።» ልደት ጨርቁን መስታወቱ ላይ እንደያዘች የኒቆዲሞስን መልስ ጠበቀች። «እንዳልሽ» አለ በመጨረሻ። ከዚያ የስልኩ ድምፅ ብቻ ቀጠለ። ልደት መስኮቱን ጨረሰች፣ ጨርቁን ጨመቀች፣ ባልዲውን አንስታ ወደ ጓሮ ሄደች። ጠዋቱን ሙሉ ስትሠራ ግን ያቺ «እንደ» የምትለው ቃል ከጆሮዋ አልወጣ አለች።

ነገሩ አዲስ ሆኖባት አይደለም። ከፈላና በር ውጪ ባለው በዚህ ሰፈር ልደት የአቶ እንደሻው ልጅ መሆኗን የማያውቅ ጎረቤት የለም፤ ደፍሮ የሚናገርም የለም። የአቶ እንደሻው አያት ሐረርን ከያዘው ጦር ጋር መጥተው እዚያው ከቀሩት አንዱ ነበሩ። ድሬ ጠያራ ላይ መሬት ተሰጣቸው፣ መሬቱም ከነጭሰኞቹ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ አቶ እንደሻው እጅ ገባ። ከጭሰኞቹ የአንዱ ልጅ ሩቂያ ትባል ነበር። አቶ እንደሻው ገና ትዳር ሳይዙ ሩቂያ ሴት ልጅ ወለደችላቸው። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ሩቂያ በወባ ሞተች፤ አባትየው ልጅቷን በበቅሎ አፈናጥጠው እዚህ ግቢ አመጧት። የመጣችው የገና ሰሞን ስለነበር ክርስትና ተነሥታ ልደት ተባለች። በዚያን ጊዜ ሚስታቸው ሁለት ልጆች ወልደው ነበር፤ ሰገነት ሰባት ዓመቷ ነው፣ ኒቆዲሞስ ገና በጡት ነው። ወይዘሮዋ ልጅቷን ከላይ እስከ ታች አዩዋትና «ሕፃኑን ታዝልልኛለች» አሉ። በዚች አንድ ቃል የልደት ቦታ ተቆረጠ።

ሰገነት በነጭ ሸሚዝና በሰማያዊ ጉርድ ትምህርት ቤት ስትሄድ ልደት ኒቆዲሞስን አዝላ፣ የሰገነትን ቦርሳ በእጇ ይዛ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ታደርሳት ነበር። በሩ ላይ ቦርሳውን ታቀብላትና ትመለሳለች። በዓመቱ አብዮቱ መጣና መሬቱን ወሰደው። ቤቱ ግን ቀረ፤ በቤቱ ውስጥ ማን የት እንደሚበላና ማን ማንን ምን ብሎ እንደሚጠራ የተደነገገውም ከቤቱ ጋር ቀረ። ሰገነት መምህራን ማሠልጠኛ ገብታ አስተማሪ ሆነች፣ ኋላም ምክትል ርዕሰ መምህር ሆና ጡረታ ወጣች። ልደት በሁለት ዓመት የምትበልጣትን ሰገነትን «እትዬ» እያለች ኖረች። ያዘለችውን ኒቆዲሞስን እንኳ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሲመጣ «ጋሼ በዪው» ተብላለች። ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው። የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ፣ ማታ ማታ፣ እንደሷው ቀን ሥራ ካላቸው ሴቶች ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተጨናንቃ ተማረች። የአባቷን መሬት የወሰደው መንግሥት ለእሷ ማንበብ ሰጣት፤ ይህን ነገር ስታስበው እስከ ዛሬ ድረስ ማዘን ይኑርባት መደሰት ግራ ይገባታል። አሁን ስድሳ ዓመቷ ነው። የምትተኛው ከኩሽናው ቀጥላ ባለችው አንድ ክፍል ውስጥ ነው።

ረፋዱ ላይ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ጎድሎ ወደ ጀጎል ወረደች። ዶሮዎቹ በየብልታቸው ተለይተው ታጥበዋል፤ ሽንኩርቱ ከሌሊት ጀምሮ ሲቁላላ ያደረ ይመስል ቀልቷል። ሰገነት ትናንት ከሸዋ በር ገበያ ያመጣችው ሽንኩርት ኪሎው መቶ ሃያ ገባ ብላ ቀኑን ሙሉ ስትብሰለሰል ነበር፤ ለመጋረጃው ግን ስንት እንደከፈለች ትንፍሽ አላለችም። ፈላና በር እንዳለፉ በስተቀኝ በምትታጠፈው ጠባብ መንገድ ላይ የአማል ሱቅ አለች። ሁለት ሰው ቢገባባት ሦስተኛው ውጪ የሚቆምባት፣ ግድግዳዋ በቅመም ከረጢት የተሸፈነ፣ የሚያስነጥስ አየር ያላት ሱቅ ናት። አማል የጀጎል ልጅ፣ የነጋዴ ቤት ሴት ናት። ከልደት ጋር የተዋወቁት እዚያው የቀበሌ አዳራሽ አግዳሚ ላይ ነው። አማል በቤቷ ቁርአን ቀርታ ነበር፤ የአማርኛ ፊደል ግን አታውቅም ነበርና «ሀ»ን ከ«ሐ» መለየት ምን ይጠቅማል እያለች አስተማሪውን ስታሳብድ ልደት በሳቅ ትሞት ነበር።

«ሰላም ነሽ ወይ? ፊትሽ ምን ሆነ?» አለች አማል ኮረሪማውን ሚዛን ላይ እያደረገች።

«ምንም አልሆነ። ዛሬ ለዮዲ ሽማግሌ ይመጣል።»

«ማሻአላህ! አላህ ይሙላላት። ታዲያ ለዮዲ ሽማግሌ መጥቶ ነው እንዲህ የምትሆኚው?»

ልደት በመስኮቱ የሰማችውን ነገረቻት። አንድም ሳትጨምር አንድም ሳትቀንስ፣ ሰገነት በተናገረችበት ድምፅ ነገረቻት። አማል ከረጢቱን አጥብቃ አሰረችና ሳታቀብላት ያዘችው።

«እኛ ቤት ስትመጪ አይተሻል አይደል፣ ነደባው ከፍና ዝቅ ያለ ነው» አለች። ነደባ ማለት በጀጎል ቤቶች ውስጥ እንግዳና ቤተሰብ የሚቀመጥበት ከወለሉ ከፍ ብሎ የተሠራ ደረጃ ደረጃ መደብ ነው። «አባት የሚቀመጥበት አለ፣ የሴቶቹ አለ፣ በሩ ሥር ደግሞ ገባ ወጣ የሚል ሰው የሚቀመጥበት አለ። አንዳንዴ ሳየው ያናድደኛል፣ ወላሂ። ግን ቢያንስ ልጅ የሆነ ሁሉ ቦታው የቱ እንደሆነ ያውቃል። አንቺ ስንት ዓመትሽ ነው እዚያ ቤት?»

«ሃምሳ አንድ።»

«ሱብሃነላህ» አለች አማል። ከረጢቱን አቀበለቻት። ባለፈው ወር ከነበረው በእጥፍ የጨመረውን ኮረሪማ በድሮው ዋጋ ሰጠቻት።

ስትመለስ ዮዲን ፀጉሯን በቢጎዲን ጠቅልላ ኩሽናው ውስጥ አገኘቻት። ዮዲ የሰገነት አንድ ልጅ ናት። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ድሬዳዋ ሆስፒታል ውስጥ ፋርማሲስት ናት። ዮሲ ከሚባል መሐንዲስ ጋር ሦስት ዓመት ቆይተው ነው እንጋባ ያሉት። አባቷ ልጅ ሳለች ነው የሞተው። እናቷ ክፍል ውስጥ ስትውል የታቀፈቻት፣ ያበላቻት፣ ትኩሳት ሲይዛት አብራት ያደረች ልደት ናት። ዮዲ ክዳኑን ገልጣ ወጡን አሸተተችና መልሳ ከደነች።

«ልዱዬ፣ እማዬ የት ነው ያስቀመጠችሽ?»

«እኔ ወጥ አለብኝ።»

«ወጡ እኮ እስኪመጡ ይደርሳል።»

ልደት ማማሰያዋን አላነሳችም። ዮዲ የቢጎዲኑን ጫፍ አጣመመች። «ትንሽ ሆኜ አያቴን ጠይቄያት ነበር» አለች። «ልደት አክስቴ ናት ወይ ብዬ። ቆነጠጠችኝና ሁለተኛ እንዳትጠይቂ አለችኝ። እኔም ሁለተኛ አልጠየቅሁም። አሁን እኔ ልናገራት እንዴ እማዬን?»

«ዛሬ የአንቺ ቀን ነው» አለች ልደት። «ከእናትሽ ጋር አትጣይ። ሂጂ፣ ፀጉርሽን ፍቺ።»

ዮዲ ሄደች። ልደት እሳቱን ቀንሳ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። የምታስበው ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ዛሬ አንዳች ነገር ቢበላሽ የሚበላሸው በዮዲ ላይ ነው። ሰገነት ብታፍር፣ ኒቆዲሞስ ቢዋረድ ምንም አልመሰላትም። ዮዲ ግን ልጇ ናት። ሽማግሌዎቹ ቅር ብሏቸው ቢመለሱ፣ ያቺ ልጅ ሦስት ዓመት የጠበቀችው ነገር ከእጇ ቢወጣ፣ ልደት በየትኛው ዐይኗ ታያታለች? ዝም ማለት ትችላለች። ዝም ማለቱን ደግሞ ሃምሳ አንድ ዓመት ሠልጥናበታለች። እንዲህ ብላ ወስና ተነሣች፣ ወደ ክፍሏም ገባች። ገብታ ግን ለጥምቀት ብቻ የምታወጣውን ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ ነጭ ቀሚስ ከሻንጣዋ አወጣችና ለበሰችው።

ሰገነት በጓሮው በር ብቅ ስትል አየቻት። እሷም አጊጣለች፣ ከመነጽሯ ሥር ኩል ተኩላለች። «ይኼን ለምን ለበስሽው?» አለች። «ወጥ ይነካዋል።»

«ይንካው» አለች ልደት።

ሰገነት ልትናገር ስትል የውጪው በር ተንኳኳ።

ሦስት ነበሩ። ከፊት ያሉት አቶ አባይነህ የሚባሉ፣ ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሽማግሌ ናቸው። ጋቢያቸውን ደርበው፣ በከዘራቸው ደረጃውን እየለኩ ገቡ። ተከትለዋቸው የዮሲ አጎትና አንድ ቄስ ገቡ። ልደት በኮሪደሩ መጋረጃ በኩል ስታያቸው ልቧ የመታው ግን ስለ ዮዲ ብቻ አልነበረም። እሷንም አንድ ጊዜ ሽማግሌ ጠይቋት ያውቃል። ሽፈራው የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ሰፈሩን በክላክስ የሚያውክ፣ ሳቂታ ሰው። የዚያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። የላካቸው ሰዎች እዚሁ ሳሎን ገብተው ቆሙ። ወይዘሮዋ ባላቸውን ወደ ጓዳ ጠርተው «ተቀምጠህ የምትቀበላቸው ማን ሆነህ ነው? አባቷ ሆነህ?» ሲሏቸው ልደት እዚሁ መጋረጃ ሥር ቆማ ሰምታለች። አቶ እንደሻው ወጥተው «ልጅቷ ወላጅ የላትም፣ እኛም በሰው ልጅ ላይ ሥልጣን የለንም» ብለው ሸኟቸው። ሽፈራው ሌላ አገባ። አቶ እንደሻው ደግሞ ከዚያ በኋላ በኖሩባቸው ዓመታት ልደትን ቀና ብለው አይተዋት አያውቁም።

ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ አንቀመጥም ብለው ቆሙ፣ ኒቆዲሞስ ተቀመጡ ብሎ ለመነ፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። እንደ ወጉም ተናገሩ፤ ልጃችሁን ለልጃችን፣ ቤታችሁን ከቤታችን አሉ። ሰገነትና ኒቆዲሞስ ቀድሞ እንደተነጋገሩበት እሺታቸውን ሊገልጡ ጥቂት ሲቀራቸው አቶ አባይነህ ከዘራቸውን አነሡ።

«አንድ ነገር ይቀድማል» አሉ። «ዛሬ ዘመኑ ሠልጥኗል ብለው ይህን የሚዘሉት አሉ። እኔ አልዘልም። የእናንተም የእኛም አያቶች ሐረር የገቡት በአንድ ሰሞን ነው፣ ከአንድ አገር የተነሡም ይሆናሉ። ደም እንዳይገናኝ ዘር መቁጠር አለብን። ዘመዳሞች መሆናቸውን ሳያውቁ ካጋባናቸው ኃጢአቱ የእኛ ነው። እኔ የኛን ቆጥሬ መጥቻለሁ። የእናንተን ደግሞ ንገሩኝ፤ ከአቶ እንደሻው ወደ ላይም ወደ ጎንም።»

ሰገነት ይህን ተዘጋጅታበት ነበር። ወደ ላይ ያለውን አንድ በአንድ አወረደችው፤ እንደሻው፣ የእንደሻው አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት። የአስተማሪ ድምፅዋ ጥርት ብሎ ወጣ። ሽማግሌው ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጧትና «መልካም» አሉ። «አቶ እንደሻውስ ስንት ወለዱ?»

«ሁለት ነን» አለች ሰገነት። «እኔና ወንድሜ።»

ልደት ትሪውን ይዛ መጋረጃውን ገልጣ ገብታ ነበር። ትሪው ላይ ስድስት ብርጭቆ ውሃ አለ። ዝም ለማለት የወሰነችውን ውሳኔ ከኩሽና እስከዚህ ድረስ ይዛው መጥታለች፤ እዚህ ስትደርስ ግን ፈልጋ አጣችው። የተቆጣች አልመሰላትም። እናቷ ትዝ አለቻት፤ ቀይ አፈር ላይ ተቀምጣ ማሽላ ስታበጥር፣ ነፋሱን ለማየት ፊቷን ቀና አድርጋ። እሷን የወለደች ሴት ከነበረች፣ የወለደችለትም ሰው ነበረ። ትሪውን ቡፌው ላይ አስቀመጠችና ዞረች።

«ሦስት ነን» አለች።

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ኒቆዲሞስ ስልኩን በጎን አስቀመጠ። ሰገነት ፊቷ ላይ ምንም አልተንቀሳቀሰም፤ አንገቷ ላይ ብቻ ደም ሥሯ ተገተረ። «ልደት፣ ወደ ውስጥ ግቢ» አለች።

«አልገባም፣ ሰገነት።»

እትዬ የሚለው ቃል ከአፏ አልወጣም። ልደት ራሷ የወደቀ ነገር የሰማች ያህል ደነገጠች፣ ግን አላነሣችውም።

«እርስዎን ማን ልበል?» አሉ አቶ አባይነህ።

«ልደት እንደሻው እባላለሁ፣ አባቴ» አለች። እጆቿን ከፊቷ አጣምራ ቆማለች። «የመጀመሪያ ልጃቸው እኔ ነኝ። እናቴ ሩቂያ ትባላለች፣ የድሬ ጠያራ ሰው ናት። አባቴ እዚያ መሬት በነበራቸው ጊዜ የእሷ ወላጆች ያርሱት ነበር። ዘር ይቆጠር ከተባለ በእሷም በኩል ይቆጠር፤ ሰዎቿ እስከ ዛሬ እዚያው አሉ። አንድም ሰው ሳይቀር ተቆጥሮ ዮዲ በንጹሕ ትዳር እንድትገባ ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም» አለች፤ ከዚያ ለራሷ እውነተኛ ለመሆን ስትል ጨመረች፣ «ለራሴም ብዬ ነው።»

ቄሱ መስቀላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። የዮሲ አጎት ምንጣፉን ያያሉ። ኒቆዲሞስ ጉሮሮውን ጠረገ፤ አንድ ጊዜ እህቱን፣ አንድ ጊዜ ልደትን አየ።

«እውነቷን ነው» አለ። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ጠጉሩ ሸብቷል፣ ድምፁ ግን የተቆጡት ልጅ ድምፅ ሆነ። «በጀርባዋ ያሳደገችኝ እህቴ ናት። መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።»

«ደግ ብለሃል» አሉ አቶ አባይነህ፤ «ነገር ግን ሁለት ነን ያሉኝ ወይዘሮ ሰገነት ናቸው። የቆጠረው ነው የሚያርመው። በዘር ቆጠራ ላይ የሚደበቅ ሰው ካለ እኔ ከዚህ ቤት ቃል ተቀብዬ አልወጣም። ስትስማሙ ትጠሩናላችሁ።» ይህን ብለው ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ከዘራቸውንም ወደ በሩ አዞሩ።

ከውስጠኛው ክፍል በር ኋላ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ። ዮዲ መሆኗን ልደት አወቀች። በዚያች ቅጽበት ሮጣ ሽማግሌውን ልትይዛቸው፣ ዋሽቼ ነው ልትላቸው ዳዳት። እግሯ ግን አልተንቀሳቀሰላትም፤ ኋላ ስታስበው ከሠራችው ሁሉ ከባዱ ያ መቆም ነበር።

ሰገነት መነጽሯን አወለቀች። ያለ መነጽር ፊቷ ሌላ ሰው ይመስላል፤ ልደት ያን ፊት በዚህ ዓይነት ያየችው የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቦርሳ ስትቀበላት፣ ሰባት ዓመቷ ሳለ ነው። ሰገነት ወደ ግድግዳው አየች፣ ወደ ሽማግሌው አየች፣ ልደት ዘንድ ሲደርስ ዐይኗ ለመቆም እምቢ ብሎ ቆይቶ ቆመ።

«ሦስት ነን» አለች፣ ዝግ ባለ ድምፅ። ክፍል ውስጥ ለዘመናት ልጆችን ድምፃችሁን አሰሙ ስትል የኖረች ሴት ናትና ደግማ፣ ጮክ ብላ አለችው። «የአቶ እንደሻው ልጆች ሦስት ነን። ልደት ታላቃችን ናት።»

አቶ አባይነህ ከዘራቸውን መልሰው ተከሉ። ፊታቸው ፈታ አለ። የድሬ ጠያራውን ወገን ልደት ነገረቻቸው፣ እሳቸውም የእነሱን ተናገሩ። በየትኛውም በኩል የሚገናኝ ደም አልተገኘም። ከዚህ በኋላ አጠገባቸው ወዳሉት ሁለት ሰዎች ዞር ብለው «እንግዲህ» አሉ፣ «የጠየቅነው የቤቱን ታላቅ ሳናውቅ ነው። አይያዝም። እሳቸው ፊት ቆመን ከመጀመሪያው እንጀምር።» ቄሱና አጎትየውም ከሳቸው ጋር ተሰልፈው፣ ሦስቱ ሽማግሌዎች ጉልበታቸው እየተንቋቋ ከበሩ ወደ ልደት መጥተው ቆሙ፣ እጅ ነሡ፣ ልጃችሁን ለልጃችን ብለው እንደገና ለመኑ። ለልደት፣ ለእሷ። በዚህ ሳሎን ውስጥ ከዓመታት በፊት እንደቆሙት እንደ ሽፈራው ሽማግሌዎች ሳይሆን፣ መልስ ከምትሰጠው ሴት ፊት ነው የቆሙት።

«ተቀመጡ፣ አባቶቼ» አለች ልደት።

ተቀመጡ። ኒቆዲሞስ ከትልቁ ሶፋ ተነሥቶ ቦታ ለቀቀላት። ሶፋውን ሺህ ጊዜ ጠርጋዋለች፣ ሽፋኑን አጥባዋለች፣ ተቀምጣበት ግን አታውቅም፤ ስትቀመጥበት ከገመተችው በላይ ሰመጠ፣ ልትወድቅ ስትል የኒቆዲሞስን ክንድ ያዘች፣ ቄሱም ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ሳቀ። ልደትም ሳቀች። «እኔ ስለ ሰው ልጅ በልጅቷ ጀርባ አልናገርም» አለች ሳቁ ሲበርድ። «ዮዲ፣ ነይ ውጪ። እነዚህ ሰዎች ዮሲን አገባለሁ ትይ እንደሆነ ይጠይቁሻል።» ዮዲ ወጣች፤ ኩሏ ወርዷል፣ ቀሚሷ ግን እንዳማረ ነው። «አገባዋለሁ፣ አክስቴ» አለች። ሽማግሌዎቹን አላየችም፣ ልደትን እያየች ነው የተናገረችው። «እንግዲያው ሰጥተናል» አለች ልደት።

ምሳ ሊወጣ ሲሆን ከልማዷ ተነሥታ ወደ ኩሽና ሄደች። ሰገነት ቀድማት ገብታለች። መደርደሪያውን ከፍታ ትዘጋለች፤ ጭልፋው የት እንዳለ አታውቅም። ልደት ከግድግዳው ሚስማር ላይ አውርዳ ሰጠቻት። ሁለቱም ድስቱን እያዩ ቆሙ።

«ለእናቴ ስል ነው» አለች ሰገነት። «እንዳልናገር ቃል አስገብታኝ ነው የሞተችው።»

«አውቃለሁ» አለች ልደት። «እኔም ለእናቴ ስል ነው።»

ሰገነት ወጡን ማውጣት ጀመረች። እጇ ስላልለመደ መረቁ ተንጠባጠበ፣ የክት ልብሷ ጫፍ ላይ ቀይ ነጥብ አረፈ። አየችው፣ ግን አላበሰችውም። «ሂጂ አንቺ» አለች፤ «እንግዶቹን ብቻቸውን አትተያቸው።» ልደት እጇን ታጠበችና ወደ ሳሎን ተመለሰች። እንግዶቹን ኒቆዲሞስ አስታጠበ፣ ምግቡን ሰገነት አቀረበች። ልደት ከአቶ አባይነህ ጎን ተቀምጣ ከአንድ ማዕድ በላች፤ ወጡ ጨው እንዳነሰው አወቀች፣ ግን ሁሉም ግሩም ነው ስላሉ እሷም ግሩም ነው አለች።

ቢራው ተከፍቶ ጨዋታው ሲሞቅ የሰርጉ ቀን ተነሣ። የዮሲ አጎት ኅዳር ሳይወጣ ቢሆን አሉ፤ ቄሱ ጾሙ ሊገባ ነው፣ አይሆንም አሉ። ኒቆዲሞስ ለፋሲካ ማግስት ቢቆይ ለሥራው እንደሚመቸው ተናገረ። ሰገነት አንድ የሆቴል አዳራሽ አናግራ እንደነበር ጀመረችና አፏ ላይ ተወችው። አቶ አባይነህ ሁሉንም በትዕግሥት ሰሙ፣ የቢራውን አረፋ ከጢማቸው ጠረጉ፣ ከዚያም ወደ ልደት ዞሩ።

«ቀን የሚቆርጠው የቤቱ ታላቅ ነው» አሉ። «እርስዎ ምን ይላሉ?»

ሰው ሁሉ ጠበቃት። በዚህ ቤት ውስጥ ለምሳ ምን ይሠራ የሚለውን እንኳ ሰው ጠይቋት አያውቅም። ልደት ግን ቸኩላ አልመለሰችም። ውሃ በጥር በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ አሰበች፣ በጓሮው በኩል ድንኳን ቢተከል ስንት ሰው እንደሚይዝ አሰበች፣ የድሬ ጠያራ ዘመዶቿ ምርታቸውን አስገብተው የሚያርፉት መቼ እንደሆነ አሰበች። አጎትየው አቀማመጣቸውን ቀየሩ። ሰገነት ጭልፋውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። እስካስብ ጊዜ ስጡኝ ሳትል፣ ይቅርታም ሳትጠይቅ፣ አሰበች አሰበችና ቀና አለች።

«ከጥር ማርያም በኋላ የሚውለው እሁድ ይሁን» አለች። «እዚሁ ግቢ።»

የተቃወመ አልነበረም። አቶ አባይነህ ስልካቸውን ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው፣ ቁጥሩን ለማየት ክንዳቸውን ዘርግተው፣ የልጁ አባት ዘንድ ደወሉ። «አዎ፣ ሰጥተውናል» አሉ ጮክ ብለው፣ ጎረቤት በሚሰማ ድምፅ። «ቀኑም ተቆርጧል። ወይዘሮ ልደት ቆርጠዋል።»